ሸማኔዋ ሳሩንና ክንፍ የለሾቹ

ሚንግ ሳሩን ማንበብና መጻፍ የተማረችው ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ቅማልን ከቁንጫ፣ ቁንጫን ከትኋን በእግሩና በገላው መለየት ግን የቻለችው በሰባት ዓመቷ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም። በዚያ ዓይኗ ምክንያት አንዲት ልጅ ከክፉ ስም ስትድን አይቻለሁ፤ ያንን ክፉ ስም ከለጠፉባት መካከልም አንዷ እኔ ነበርኩ።

ስሜ ናሪ ይባላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከመንደሬ ወጥቼ ባታምባንግ ከተማ፣ በሳንግኬ ወንዝ ዳር ባለው የዪይ ቴም የሐር ሽመና ቤት ገባሁ። ሴቶች ብቻ ነበርን፣ አሥራ አራት። ምድር ቤቱ የሽመና ዕቃው የተተከለበት ነው፤ ፎቁ ላይ፣ ከጣራው ሥር ባለው ሰፊ የእንጨት ክፍል፣ ሰሌን ዘርግተን፣ አጎበር ሰቅለን ተደርድረን እንተኛለን። ባለቤቷን ዪይ፣ አያት፣ የምንላቸው በዕድሜያቸው ነው እንጂ ስለሚያባብሉን አልነበረም። ሳሩንን ግን ሚንግ፣ አክስቴ፣ ስንላት ከልባችን ነበር።

ያን ጊዜ ሃምሳ ሊሞላት ምንም አልቀራት። አጭር፣ ጠቆር ያለች፣ ክራማ ሻሿን ሁልጊዜ በግራ ትከሻዋ ጣል የምታደርግ ሴት። ድር ላይ አንድ ክር ቢበጠስ ከሦስት እርምጃ ርቀት ታየዋለች። «ናሪ፣ ከቀኝሽ አርባኛዋ አካባቢ አንዷ ሞታለች» ትለኛለች፣ ከራሷ ሥራ ቀና ሳትል። ሄጄ ሳይ እውነት ነው።

ይህን ዓይን ያወጣችው ከክፉው ዘመን፣ ከጦርነቱና ከረሃቡ በኋላ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በተሰበሰቡበት ቤት ነው። እናትና አባቷን በአንድ ዓመት ውስጥ አጥታ ነበር እዚያ የገባችው። ልጁ ሁሉ ቅማላም፣ ሳሙና የለም፣ መድኃኒት የለም። አንዲት አሮጊት አስታማሚ የሁሉንም ራስ ስትላጭ፣ ትንሿ ሳሩን እያንዳንዱን ራስ አስቀድማ እንድትፈትሽ አደረገቻት። መጀመሪያ ቀን ሳሩን አንዱን ቅማል ይዛ በጥፍሯ ልትደፈጥጠው ስትል፣ አስታማሚዋ እጇን ያዘች አሉ።

«ቆይ። መግደሉ አያመልጥሽም። መጀመሪያ እዪው።»

አየችው። ስድስት እግር፣ በየእግሩ ጫፍ አንዳንድ መንጠቆ። መንጠቆዋ ልክ የአንድ ፀጉር ውፍረት ታቅፋለች፤ ከዚያ በላይም አይደል፣ ከዚያ በታችም አይደል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳሩን ሳታይ የገደለችው ነፍሳት የለም። ቁንጫ ከግራና ከቀኝ ተጨፍልቆ እንደ ዓሣ የቀጠነ ነው፤ በውሻ ፀጉር መካከል ሾልኮ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ትኋን ደግሞ ከላይ ተጭነው ያስተኟት ይመስል እንደ ዱባ ፍሬ ጠፍጣፋ ናት፤ በሳንቃ ስንጥቅ ውስጥ የምትገባው ለዚህ ነው። «ሁሉም የሚኖርበትን ቤት ቅርጽ ለብሶ ነው የሚዞረው» ትላለች ሳሩን። «ልብሱን ካየሽ ቤቱን ታውቂያለሽ።»

ደብተር ነበራት። የልጅ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ። በሩዝ ሙጫ እየለጠፈች ክንፍ የሌላቸውን ሁሉ ሰብስባበታለች። ለምን ክንፍ ያላቸውንም አትሰበስቢም ስላት፣ «ክንፍ ያለውንማ ሁሉም ያየዋል» አለችኝ። «ቢራቢሮ ማን ያልፈዋል? እነዚህን ግን ሰው እኩል ይረግጣቸዋል።» ስማቸውን ከማንም አልተማረችም፤ ራሷ ነው ያወጣችላቸው። መጽሐፍ ውስጥ የምትገኘዋ፣ የብር ቅርፊት ያላትና ከኋላዋ ሦስት ረጃጅም ጭራ የምትጎትተው፣ «ባለ ሦስት ጭራ» ናት። እርጥብ ቅጠል ሥር የምትገኘዋ፣ ከሆዷ በታች የታጠፈች ሹካ መሳይ ነገር ኖሯት በዚያች የምትስፈነጠረው፣ «ሆደ ወስፈንጥር»። ጉንዳን «ወገበ ቀጭን»፣ ምስጥ ደግሞ «ወገብ የለሽ»።

ሌሎቹ ሴቶች ይቀልዱባታል። በተለይ ሶክሊም። ሶክሊም ከኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ የሩዝ ገንፎ እየበላን ሳለ፣ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀይ ጉንዳን ስትሄድ አየች።

«እስቲ ሚንግ ሳሩን፣ ይቺ የማን ልጅ ናት? ዘሯን ቁጠሪልን» አለች።

ሳሩን ጎንበስ ብላ አየቻት። «ጉንዳን አይደለችም።»

«እንዴ። ጉንዳን ካልሆነች እኔም ሶክሊም አይደለሁም።»

«እንግዲያው ስም ፈልጊ። እግሯን ቁጠሪ።»

ሶክሊም ማንኪያዋን አስቀምጣ ቆጠረች። ስድስት። ድጋሚ ቆጠረች። «ስድስት ነው። ከፊት ያሉት ሁለቱ ቀንዶቿ ናቸው።»

«ቀንድ መሬት ይረግጣል?»

ጉንዳኗ ቆም ስትል፣ ቀንድ ያልናቸው ሁለቱ ወርደው ጠረጴዛውን ረገጡ። ስምንት። ሳሩን የሾርባ ማንኪያዋን ስታስጠጋ ጉንዳን ተብዬዋ ዘልላ በአንዲት ቀጭን ድር ተንጠለጠለች። ጉንዳን መስላ የምትኖር ሸረሪት ነበረች። የገንፎ ሻጯ ሳይቀር ሳቀች። ሶክሊምን ሳምንት ሙሉ «ስም የለሽ» ስንላት ሰነበትን።

ነገሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ቻሪያ የምትባል አዲስ ልጅ ተቀጠረች። ድንበር ተሻግራ ታይላንድ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ስትሠራ የኖረች፣ ዝምተኛ፣ እጆቿ የተሰነጣጠቁ ልጅ። አንድ ጥቅል ሰሌንና አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ መጣች። በዚያው ሳምንት ዪይ ቴም ዝናቡ ሳይቀድማቸው ጣራውን አሳደሱ፤ ሠራተኞቹ የተሰበረውን የሸክላ ክዳን አንስተው፣ ቀዳዳውን ሁሉ በቆርቆሮ ደፍነው ሄዱ። ቤቱ እንደ አዲስ ሆነ፤ ዪይ ቴምም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያይ ያዝዙ ነበር።

ሳሩን ይህን አላየችም። እህቷ ሞታባት የመቶ ቀኑን ተዝካር ለማውጣት ወደ መንደሯ ሄዳ ነበር፤ እዚያው ወር ያህል ቆየች።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንገታችን፣ ክንዳችን፣ ወገባችን በቀይ እብጠት ተሞልቶ መነሣት ጀመርን። አጎበር ውስጥ ነው የምንተኛው፣ ቢምቢ ሊሆን አይችልም። አንድ ማለዳ ሶክሊም ከሰሌኗ ጠርዝ አንዲት ቡናማ ነገር አግኝታ ደፈጠጠች፤ ጣቷ በደም ቀላ።

«ትኋን» አለች። ከዚያ ቀና ብላ የክፍሉን ጥግ፣ የቻሪያን ሰሌን፣ አየች። «እዚህ ቤት ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ትኋን የሚባል አልነበረም። ምን አዲስ ነገር ገባ?»

መልሱን ሁላችንም አውቀነው ነበር፣ ወይም ያወቅነው መስሎን ነበር። በዚያ ማታ እኔ ሰሌኔን ከቻሪያ ጎን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩ። እሷ አጎበሯን ስታስር አየችኝ። እኔም «እዚህ ንፋስ አለ ብዬ ነው» አልኩ፣ ሳትጠይቀኝ።

በማግስቱ ሶክሊምና ሌሎች ሁለት ሆነው የቻሪያን ሰሌን ግቢ ውስጥ አቃጠሉት። ልጅቷን ማቅለሚያ ጋኖች ካሉበት ዳስ እንድትተኛ አደረጓት። መናከሱ ግን አልቆመም። ዪይ ቴም ጠሯትና ወሩ ሲያልቅ እንድትሄድ ነገሯት። «አልጠላሁሽም» አሏት። «ግን ለአንዲት ልጅ ስል አሥራ ሦስት ልጆች ላጣ አልችልም።»

ሳሩን የተመለሰችው ከዚህ በኋላ ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ በር ስትገባ፣ ቻሪያ ዳሱ ውስጥ በተገለበጠ ጋን ላይ ተቀምጣ ሐር ስታጠነጥን አገኘቻት። ለምን እዚህ እንደሆነች ጠየቀቻት። ልጅቷ «ትኋን ስላመጣሁ» ብላ መለሰች፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

ሳሩን ወደ ፎቅ ወጣች። «አንዷን አሳዩኝ» አለች።

ማንም አልነበረውም። ያገኘነውን ሁሉ ገድለን ጥለን ነበር።

«አሥራ ሦስት ሰው ሆናችሁ አንድም ሰው አላያትም?»

«አየናት እንጂ» አለች ሶክሊም። «ደፍጥጠን አየናት።»

«ደም ነው ያያችሁት። ደምማ የናንተው ነው።»

በነጋታው ማለዳ፣ ሌሎቹ ለቁርስ ሲወርዱ፣ ሳሩንና እኔ ፎቁ ላይ ቀረን። ሰሌኑን አንድ በአንድ ገልብጣ፣ ጠርዙን በጣቷ እየዳበሰች ሄደች። ሰሌኖቹ ላይ ብዙም አልነበረም። ይሄ ደንቋት ቆመች። «ትኋን ከሰው አልጋ ርቃ አትኖርም» አለች። «ዓይናፋር እንግዳ አይደለችም።» ከዚያ አጎበሮቹ ከአግዳሚው ጋር የታሰሩበትን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። የመጀመሪያዋን በሕይወት ያገኘችው በኔ አጎበር ቋጠሮ ውስጥ ነው። በክብሪት ቀፎ ውስጥ ጣል አድርጋ መስኮቱ ጋ ወሰደቻት።

ቀፎውን ወደ ብርሃኑ እያዘነበለች ደጋግማ አየቻት። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ዳሱ ልግባ ይሆን እያልኩ አሰላስላለሁ።

«ትኋን ናት?» አልኳት በመጨረሻ።

«የትኋን እህት ትመስለኛለች። ግን እግሯ ረዘመብኝ። ሩጫዋን እዪ፤ ትኋን እንዲህ አትሮጥም። ደግሞ እዚህ አንገቷ ጋ የሆነ ነገር አለ፣ ዓይኔ አልደርስበት አለ።»

ገበያው ጫፍ ላይ ሰዓት የሚጠግን ፑ ኬት የሚባል ሰው ነበር፤ አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ሰክቶ የሚውል። ሳሩን አስቀድማ መናኸሪያው ጎን ካለው የእንግዳ ማረፊያ ጎራ አለች። ትኋን እንዳለው አገር ያወቀው ቤት ነው። ባለቤቱን «ከአልጋህ አንድ ነገር ልዋስ» አለችው። ሰውየው ሲገባው ቀላ፤ ግን ዝም እንድትልለት ስለፈለገ ራሱ ፍራሹን ገለበጠላት። በሁለተኛ ቀፎ እውነተኛዋን ትኋን ይዘን ፑ ኬት ጋ ደረስን።

«የትኛው ሰዓት ቆሞብሽ ነው?» አለ ፑ ኬት።

«ሁለቱም ይሠራሉ። የማይመሳሰሉበትን ነው የምፈልገው።»

ቀፎዎቹን ሲከፍት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ጥንቁቅ ሠራተኛ አንዷን በጭራሽ ሳይጎዳ በሰዓት ማንሻ ወረንጦው ያዘና ነጭ ወረቀት ላይ አኖራት። ሳሩን አጉሊ መነጽሩን ዓይኗ ላይ ሰካች። ትንፋሿን ይዛ አየች፣ ወደ ሁለተኛዋ ዞረች፣ ተመለሰች። ከዚያ መነጽሩን ለኔ ሰጠችኝ።

«አንገቷን እዪ። ከራሷ ቀጥሎ ያለውን ጋሻ።»

መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ጠራ። የማረፊያው ቤት ትኋን አንገት ጠርዝ ላይ አጫጭር ፀጉር ነበረ፣ እንደተላጨና ገና ብቅ እንዳለ ጢም። የኛ ቤቷ ግን ረዥምና ቀጭን ፀጉር ዙሪያዋን እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሎባታል፤ እግሮቿም እንደዚያው ፀጉራም ናቸው፣ ከሌላዋ ደግሞ ይረዝማሉ። እንደዚያ ሳያቸው ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ ማሰቤ ራሱ ገረመኝ።

«ፀጉራም ናት» አልኩ።

«ፀጉራም ናት» አለች ሳሩን። «እኔ ደግሞ ይቺን የሆነ ቦታ አውቃታለሁ።»

ወንዙን እየተከተልን ስንመለስ ድንገት ቆመች፤ ትዝ አላት። በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን የሌሊት ወፍ ኩስ ከከተማው አቅራቢያ ካለው ተራራ ዋሻ በጆንያ ትሸከም ነበር። ዋሻው ውስጥ ድንጋዩ ላይ የሚሮጡ ቡናማ ነገሮች ነበሩ። የነከሷት ቦታ እንዲሁ ነበር የሚያብጠው።

«የኛ ጣራ የሌሊት ወፎች አሁንም አሉ እንዴ?» አለችኝ።

«የሉም። ጣራው ውስጥ አንድም የቀረ የለም። ዪይ ቴም ሲያሳድሱ ቀዳዳው ተደፈነና ሄዱ።»

«መቼ?»

ስነግራት ሳምንታቱን በጣቶቿ ቆጠረች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ጥገኞቹ ቀሩ» አለች። «ተራቡ። ታዲያ ከሥራቸው አሥራ አራት ሰው ተኝቷል።»

እርግጠኛ ሳትሆን ግን ዪይ ቴም ፊት አትቆምም። በማግስቱ እኔና እሷ በማለዳ ወደ ዋሻው ሄድን። አፍንጫችንን በክራማ አስረን፣ ኩሱ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚታችን እየሰጠምን ገባን። ከድንጋዩ ላይ ሦስት ያዝን። ፀጉራሞች ናቸው። ሳሩን ላቧን እየጠረገች አንዷን በእጇ መዳፍ ላይ ስታስኬዳት አየኋት፤ ልትነክሳት እንደምትችል ረስታው ነበር። «ክንፍ ያለው ወፍ ላይ ተሳፍሮ የሚኖር ክንፍ የለሽ» አለች። «እንግዲህ ክንፍ ምን ያደርግላታል? ባለክንፉ ይዟት ይሄዳል።»

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ዪይ ቴም በረንዳቸው ላይ ቅጠል እያኘኩ ነበር። ሳሩን ጫማዋን አውልቃ፣ እጆቿን አጋጥማ እጅ ነሣችና ቀፎዎቹን በፊታቸው ደረደረች። ዪይ ቴም አልነኳቸውም።

«ሳሩን፣ እኔ ጎርፍ አልፎብኛል፣ ጦርነት አልፎብኛል። ትኋን አስተምሪኝ አላልኩሽም።»

«ላስተምርዎ አይደለም። ዓይንዎን ልዋስ ነው።»

«ልጅቷ እንድትቀር ነው የምትፈልጊው።»

«እሱን በኋላ። አሁን ይሄን ይዩልኝ። የሚያዩት እኔ የምልዎትን ካልሆነ አፌን እዘጋለሁ።»

ፑ ኬት መነጽሩን አውሶን ነበር። ዪይ ቴም ቅጠላቸውን ተፍተው ዓይናቸው ላይ አደረጉት። የማረፊያ ቤቱን፣ የኛን ቤት፣ የዋሻውን፣ በተራ አዩ። ደግመው አዩ። ከዚያ ተነሡና መሰላል አስመጡ። ኧረ እኛ እንውጣ ብንላቸውም አልሰሙንም። ያን ቀን ድንጋይ ብንጭንባቸው ራሱ የሚወጡ ይመስላሉ። ኮርኒሱን በዱላ ገፋ አድርገው ራሳቸውን ከውስጥ አስገቡ። የድሮው ኩስ እስከ ክንዳቸው ነበር። አግዳሚዎቹ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ደግሞ፣ ከሥር የምናየው ቀሚሳቸው ብቻ ቢሆንም፣ ድምፃቸው ነገረን።

«ወይ ጉድ። እዚህ ገበያ ቆሟል።»

ሲወርዱ ፊታቸው አቧራ ለብሷል። መሰላሉ ሥር ተሰብስበን ነበር፣ ሶክሊምም ጭምር። ዪይ ቴም ፊታቸውን ጠረጉና «ጣራውን ያሳደስኩት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥሎ፣ «ልጅቷን ጥሩልኝ።»

ዳሱ ባዶ ነበር። ወሩ ባያልቅም ቻሪያ ማለዳ፣ እኛ ወደ ዋሻው ስንሄድ፣ በሌላው በር ወጥታ ነበር። የጀመረችውን ሐር ጨርሳ፣ ልቃቂቶቹን በመስመር ደርድራ ነበር የሄደችው።

አክስቷ ወደ ፓይሊን በሚወስደው መንገድ ዳር የበቆሎ እርሻ እንዳላት የሰማ ሰው ተገኘ። እሁድ ሳሩንና እኔ በሞተር ሳይክል ጋሪ ተጭነን ሄድን። ቻሪያ ማሳው ዳር አገዳ ስትቆርጥ አገኘናት። ሳሩንን ስታይ እጅ ነሣች፤ ወደኔ ስትዞር ፊቷ ተዘጋ።

«አንቺስ ለምን መጣሽ?» አለችኝ።

መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። «ንፋስ ፈልጌ አልነበረም ወደ መስኮቱ የሄድኩት» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነበር?»

«መስኮቱ ተዘግቶ ነበር፣ ናሪ።»

ሳሩን አላዳነችኝም። እኔ እስክጨርስ እዚያው አገዳው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ይቅርታ አልኩ፤ ቻሪያ ሰማችኝ፤ «እሺ» አላለችም፣ «ሂጂ»ም አላለችም። ከዚያ ሳሩን ቀፎውን አወጣች።

«የተሰደድሽባት ይቺ ናት። ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ቻሪያ ማጭዷን መሬት ላይ ሰካች፣ መነጽሩን ተቀበለች። ፀሐይዋን ተከትላ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«ፀጉር አላት» አለች ቆይታ። «የኛ ቀያዮቹ ፀጉር የላቸውም።»

«የናንተ የትኞቹ?»

«ሸንኮራው እርሻ ላይ ያሉት። እዚያ ስንት ዓመት በልተውኛል። እዚህ የነከሱኝን አይቼ፣ እነዚያ አይደሉም ብዬ ነበር።»

ሳሩን ቀና አለች። «ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ይህችን ሁለት ቃል ዪይ ቴም ጋ ስንመለስ ሳሩን እንዳለች ነገረቻቸው፤ ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም። ዪይ ቴም በማግስቱ አዲስ ሰሌን ገዝተው ራሳቸው ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ቻሪያ ከዝናቡ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፎቁ ላይ ግን ከዚያ ወዲህ አልተኛችም፤ ሰፈሩ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ጠዋት መጥታ ማታ ትሄዳለች። አግዳሚዎቹን ሁሉ በፈላ ውኃ አጥበን፣ ስንጥቁን ደፍነን፣ ኩሱን በጆንያ አውጥተን ንጹሕ ካደረግነው በኋላም አልተኛችም። ለሌሊት ወፎቹ ግቢው ውስጥ ባለው ዘንባባ ላይ ገጠሬው ለኩስ ብሎ እንደሚያደርገው የቅጠል መጠለያ ሰቀልንላቸው፤ ለሁለት ዓመት ባዶውን ተንጠልጥሎ ቆይቶ በሦስተኛው ገቡበት። ሶክሊም ይቅርታ ያለችው በራሷ መንገድ ነው፤ አንድ ቀን አንድ ማሰሮ ፕራሆክ፣ የኛን አገር የዓሣ ድልህ፣ ቻሪያ ደጃፍ አስቀምጣ ሮጠች። ቻሪያ ፕራሆኩን በላችው፤ ማሰሮውን ለመመለስ ግን አራት ወር ፈጀባት።

ወሬው እግር አውጥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የእርሻ ትምህርት ቤት ደረሰ። መምህር ሪቲ የሚባል ወጣት አስተማሪ መጣና ደብተሯን ሊያይ ለመነ። ሳሩን ሰጠችው፤ እሱ ሲያገላብጥ እሷ ሽመናዋን እየሠራች ከጎን ታየው ነበር። አራት ገጽ ገለጠ። አምስተኛው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ሚንግ፣ ይቺ እዚህ ቦታዋ አይደለም።»

«ክንፍ አላት ልትለኝ ነው? አሥር ጊዜ አይቻታለሁ፣ የላትም።»

«ገና ነው። የፌንጣ ልጅ ናት። እዚህ ጀርባዋ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አይታዩሽም? ክንፉ እዚያ ውስጥ እየበቀለ ነው።»

መወርወሪያዋን አስቀመጠች። አጎንብሳ አየች፣ ከዚያ በጣም አፈረች፤ እኔ እንደዚያ ስታፍር አይቼ አላውቅም። «ልጅን ከአዋቂ ሳልለይ» አለች። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ተበላሸ። ማታ ላይ ግን ደብተሯን ከመጀመሪያው ጀምራ ገጽ በገጽ፣ ማን ልጅ ማን አዋቂ እንደሆነ እንደገና ስትመረምር አገኘኋት፤ ደስ ብሏት ነበር።

መምህር ሪቲ ደጋግሞ መጣ። ባለ ሦስት ጭራዋ ዘሯ ከጥንት ጀምሮ ክንፍ ኖሮት እንደማያውቅ፣ ቅማልና ቁንጫ ግን ክንፍ ከነበራቸው አያቶች እንደመጡና እንደተዉት የነገራት እሱ ነው። ሆደ ወስፈንጥርን ደግሞ ምሁራኑ ከነፍሳት አውጥተው ለብቻዋ አስቀምጠዋታል ብሎ ሲነግራት ተከራከረችው። ስድስት እግር አላት፣ ቀንድ አላት፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? እሱ ስለ አፏ አፈጣጠር አስረዳት፤ አልተዋጠላትም። አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ ተማሪዎቹን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ቀፎ ሰጥታ ውስጡ ያለውን ነፍሳት እግር ማስቆጠር ነው።

ባለፈው ዓመት አንዷ ተማሪ፣ ቁንጫና ቅማል ክንፋቸውን ተዉት ማለት ምን ማለት ነው፣ ማን ያለውን ይተዋል ብላ ጠየቀቻት። መምህሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሳሩን እጇን አነሣችበት።

«እኔም ጠይቄዋለሁ፣ ነግሮኛል፣ ግማሹ ነው የገባኝ» አለቻት። «ቻሪያ የምትሠራው እዚያ መስኮት ጋ ነው። እሷን ጠይቂያት፤ እሷም ክንፍ የለሾቹን አብራኝ ታያለች፤ የምትለው ግን እኔ ከምለው ይለያል፣ እንዲያውም እንከራከራለን።»

ልጅቷ ሄደች። ቻሪያ መወርወሪያዋን አቁማ ወንበር ሳበችላት።